አስመራ የቀረው የልደት ምስክር ወረቀት

ልጅ እናቱን ወደ አሜሪካ ለማምጣት ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ገንዘብ፣ ስለ ቤት ስፋትና ስለ አውሮፕላን ትኬት ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ እናትሽ መሆኗን በምን ታስረጃለሽ? የአሜሪካ ዜግነት ያለውና ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ልጅ ለወላጁ የሚሞላው ማመልከቻ ቅጽ አይ 130 ይባላል። ከቅጹ ጋር የሚያያዘው ዋና ማስረጃ የእናትየዋ ሰነድ ሳይሆን የልጅየዋ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። በላዩ ላይ የልጅና የእናት ስም አንድ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት። እኔ ያልነበረኝ ይህ ወረቀት ነበር።

የተወለድኩት ጥር 12 ቀን 1972 ዓ.ም. አስመራ ነው። አባቴ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወደ አስመራ ተዛወረ፤ እናቴም ተከተለችውና ገጀረት በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይተው ኑሮ ጀመሩ። ለእነርሱ ዝውውሩ ከአንዱ የኢትዮጵያ ከተማ ወደ ሌላው ነበር። የልደት ወረቀቴን የሰጠው የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ሲሆን የተጻፈውም በአማርኛ፣ ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር። በዚያን ጊዜ በአስመራ የመንግሥት ቢሮ ሥራ የሚሠራው በአማርኛ ነው።

ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ሕዝባዊ ግንባር አስመራ ገባ። በቀጠሉት ሳምንታት ከመሀል አገር የመጡ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው፣ ከእነርሱም ጋር እንደ እኛ ያሉ ሲቪሎች፣ ከተማዋን ለቅቀው ወደ ደቡብ ወጡ። በዚያ መንገድ ላይ ሰው የያዘው ልጁን፣ ብርድ ልብሱንና ስንቁን ነው። የአባቴ የሰነድ ሳጥን ለጎረቤት አደራ ተሰጠ፤ ከዓመታት በኋላ ጎረቤቶቻችንም ቤት ሲቀይሩ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀረ። ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ አካሂዳ በማግስቱ ወር ነፃ አገር ሆነች። እኔ አዲስ አበባ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ተቀምጬ ስማር፣ የተወለድኩባት ከተማ ሌላ አገር ገባች።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ አንቺ ኢትዮጵያዊት አይደለሽም እንዴ?» ይለኛል። ነኝ። ነገር ግን አሜሪካ የሰውን የትውልድ አገር ስትመዘግብ በጠቅላላው የምታየው ቦታውን ዛሬ የሚያስተዳድረውን መንግሥት ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ፓስፖርቴ ላይ የትውልድ አገሬ ኤርትራ ተብሎ ተጽፏል። ይህ የሚያስከትለው ነገር ቀላል አይደለም። ለእያንዳንዱ አገር የትኛው መሥሪያ ቤት ምን ዓይነት የልደት ሰነድ እንደሚሰጥ የሚዘረዝር የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መመሪያ አለ፤ የእኔ ጉዳይ የሚመዘነውም ለኢትዮጵያ በተጻፈው ሳይሆን ለኤርትራ በተጻፈው ነው።

ወዳጆቼ በቅንነት የሰጡኝ ምክር አዲስ አበባ ወረዳ ሄጄ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት እንዳወጣ ነበር። ያደጉት፣ የተማሩት፣ መታወቂያ ያወጡት አዲስ አበባ ስለሆነ ብዙ የአስመራ ልጆች እንደዚያ አድርገዋል፤ አልወቅሳቸውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ ብዙ አንቀጾች ነበሩት፤ ሳይሠራባቸው ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ ማዘጋጃ ቤቶችና ቀበሌዎች በየራሳቸው ልማድ ይሠሩ ነበር። በዚህ ምክንያት ከልደት ብዙ ዓመት ቆይቶ የተሰጠ ወረቀት በአሜሪካ ጉዳዩን የሚያየው ሰው ፊት ሲቀርብ ክብደቱ ያንሳል። ከልደቱ ጊዜ አቅራቢያ የተጻፈ ሌላ ማስረጃ ደግፎት ካልቆመ በቀር ጥያቄ ያስነሣል። ለእኔ ደግሞ ሌላም ምክንያት ነበረኝ። አባቴ በጊዜው ሄዶ አስመዝግቦኛል። እርሱ በሥርዓቱ የፈጸመውን ነገር እንዳልተፈጸመ አድርጌ እንደገና ለመመዝገብ ልቤ አልፈቀደም።

ከግንቦት 1990 ዓ.ም. ጀምሮ ግን አስመራ የምትደረስ ከተማ አልነበረችም። ጦርነቱ ሲጀመር ስልክ፣ ፖስታና አውሮፕላን አብረው ተቋረጡ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ የተፈረመው ስምምነት ጦርነቱን በይፋ አስቆመ፤ ዝምታውን ግን አላስቆመም። እናቴና የክርስትና እናቴ አንዳቸው የሌላቸውን ሞትና ሕይወት ሳያውቁ ዓመታት ቆጠሩ። የክርስትና እናቴ ገጀረት የጎረቤታችን እመቤት ነበሩ፤ ሁላችንም «አደይ» እንላቸው ነበር። እናቴ ስትታረስ ገንፎዋን ያገነፉላት፣ እኔን ታቅፈው እንዳ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የወሰዱኝ እርሳቸው ናቸው። በሁለቱ መንግሥታት ጠብ ውስጥ የእነርሱ ድርሻ ምን ነበር? ሁለት ሴቶች፣ በአንድ ግቢ ልጅ ያሳደጉ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በሦስተኛ አገር በኩል እንኳን አንዳቸው የሌላቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ቀሩ። ይህን ሳስብ ዛሬም እቆጣለሁ።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. አስመራ ላይ የሰላም መግለጫው ተፈረመ፤ ስልኩ ተከፈተ፤ ሐምሌ 11 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አስመራ አረፈ። በዚያ ክረምት አንድ ወደዚያ የሚሄድ ዘመድ የሰፈራችንን አቅጣጫ በቃል ይዞ ሄዶ አደይን ፈልጎ አገኛቸው። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ስታነጋግራቸው በቪዲዮ አየሁ። መጀመሪያ የተጠያየቁት ስለ ሞቱት ነው፤ ስም እየጠሩ፣ ቆም እያሉ፣ እያለቀሱ። ስለ ወረቀት ማንም አላነሣም። ያን ጊዜ ዜግነት አላገኘሁም ነበርና ወረቀቱ የሚፈለግበት ጉዳይም አልነበረም።

የተፈለገው በ2015 ዓ.ም. ነው። በአካል ሄጄ ለመጠየቅ አልቻልኩም፤ ሥራዬም ልጆቼም እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ናቸው። የአደይ ልጅ ጉዳዩን የራሷ አድርጋ ያዘችው። እዚህ ላይ ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት የምናገረው አለኝ። ከሌላ አገር መዝገብ ሲፈለግ አንድ ሰው «እገሌ የምትባል ልጅ አስመራ ተወልዳለች» ብሎ ቢሄድ መዝገብ ቤቱ ምንም ሊያደርግለት አይችልም። እኛ የላክነው የእኔን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የአባቴን ሙሉ ስም ከሥራው ጋር፣ የእናቴን ሙሉ ስም ከነአባቷና ከነአያቷ፣ የተወለድኩበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሆስፒታሉንና የኖርንበትን ሰፈር ነበር። ከዚህ ጋር የማንነቴን ማስረጃና ጉዳዩን እርሷ እንድትከታተልልኝ የምፈቅድበትን የተረጋገጠ ደብዳቤ አያያዝኩ። እናቴ በተለያየ ሰነድ ላይ ስሟ በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለተጻፈ፣ በግዕዝ ፊደል ያለውን አጻጻፍ ጎላ አድርገን ጻፍነው። የዚያ ዘመን መዝገብ የተጻፈው በአማርኛ ነውና የሚመሳሰለው በፊደላችን የተጻፈው ስም ብቻ ነው። መዝገብ ቤት የነበረችው ጸሐፊ ወጣት ናት አሉ፤ የ1972ቱ ጽሑፍ ከመወለዷ በፊት የተጻፈ ነው። ገጹን ያገኘችው ከአደይ ልጅ ጋር አብራ ተቀምጣ፣ ስሞቹን አንድ በአንድ እያነበበች ነው። ለዚያች ልጅ ምስጋናዬ ብዙ ነው።

የተገለበጠው ቅጂ ከአስመራ በሚመጣ መንገደኛ እጅ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ወንድሜ ተቀብሎ ምስሉን ላከልኝ። አንድ ገጽ ነው። የሕፃኗ ስም፣ የተወለደችበት ቀን፣ ጾታ። ከዚያ የአባት ስም፤ ሥራ፦ የፖስታ ሠራተኛ። ከዚያ የእናት ስም፤ ዕድሜ፦ 20። ልደቱን ያስታወቀው፦ አባት።

«ዕድሜ 20» በሚለው ላይ ብዙ ቆየሁ። እናቴ የተወለደችው ጎጃም ገጠር ነው፤ ስትወለድ የጻፋት መዝገብ የለም። ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ጋብቻዋም በሽማግሌ ፊት እንጂ በመዝገብ አልተፈጸመም። እስከማውቀው ድረስ የእናቴ ሙሉ ስምና ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት መዝገብ ላይ የሰፈረው የእኔን ልደት በሚመሰክረው በዚህ ወረቀት ላይ ነው። እኔ የእርሷ ልጅ መሆኔን ላስረዳ ፈልጌው፣ እርሷም በዚያ ዓመት አስመራ እንደነበረች፣ የሃያ ዓመት ወጣት እንደነበረች የሚመሰክርላት ሆኖ አገኘሁት። ቢሮክራሲ የምንለው ነገር አሰልቺ ነው እየተባለ ይነገራል፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መዝገብ የሚይዙ ሰዎችን የማከብራቸው ከልቤ ነው።

ከዚያ የቀኑ ጉዳይ መጣ። በአሜሪካ ለኢሚግሬሽን የሚቀርብ በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ሁሉ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ሊኖረው ይገባል፤ ተርጓሚውም ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ ከቋንቋው ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቃት እንዳለው ጽፎ ይፈርማል። የእኔን የተረጎመው ሰው ጥር 12 ቀን 1972ን ጃንዋሪ 20 ቀን 1980 ብሎ ለወጠው። በፓስፖርቴም በዜግነት ወረቀቴም ላይ ያለው ጃንዋሪ 21 ነው። የአንድ ቀን ልዩነት ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ባለ ፋይል ውስጥ አንድ ቀን ሁለት ሰው ሊያደርግ ይችላል።

ትክክለኛው 21 ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት መስከረም 1 ቀን የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ነው፤ የአንድ ቀን ፈቀቅታውም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። 1971 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ 1972 ዘመነ ዮሐንስ። በዚያ ዓመት ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20፣ እሑድ ዕለት ነው። እናቴን ስጠይቃት ቆጠራውን አላወቀችም፤ ግን «ጥምቀት እሑድ ነበር፤ አንቺ በማግስቱ፣ ሰኞ፣ በቃና ዘገሊላ ነው የመጣሽው» አለችኝ። ጃንዋሪ 21 ቀን 1980 ሰኞ ነበር።

ሌላው ማስረጃ ከእንዳ ማርያም የመጣው የጥምቀት ወረቀት ነው። እርሱንም ያስወጡት አደይ ናቸው፤ በሰማንያ ዓመታቸው፣ በነጠላ፣ በከዘራ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ከጥር 12 ጀምሮ ሲቆጠር ሰማንያኛው ቀን ሚያዝያ 1 ይሆናል፤ በወረቀቱም ላይ የተጻፈው ሚያዝያ 1 ቀን 1972፣ ዘመነ ዮሐንስ የሚል ነው። አደይ ደግሞ የፋሲካ ሰሞን እንደነበር አስታወሱ። ፋሲካ በዚያ ዓመት መጋቢት 28 ነበር፤ ቃላቸው ልክ ነው። የጥምቀት ወረቀት የተሰጠው በክርስትና ስሜ ስለሆነ ብቻውን ብዙ ሊጠቅመኝ አይችልም ነበር፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ቅጂ ጋር ግን የወላጆቼ ስምና ቀኑ ተገጣጠመ። ስለ ዘመነ ሉቃስና ስለ ጳጉሜን አንድ ገጽ የማብራሪያ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ትርጉሙም በሌላ ተርጓሚ ታርሞ ተያያዘ። ቅጂው ለማመልከቻው በቂ ነው፤ ዋናው ወረቀት የሚያስፈልገው እንዲቀርብ ሲጠየቅ ነውና እርሱን ወንድሜ ዘንድ አስቀመጥነው።

እናቴ ዛሬ እዚህ ናት። ለቪዛዋ የራሷን የልደት ምስክር ወረቀት ስትጠየቅ አዲስ አበባ ላይ አወጣች። ልደቷ በዘመኑ አልተመዘገበምና ለእርሷ ሌላ መንገድ አልነበረም።

የአስመራውን መንገድ ስናልፍ ብዙ ጊዜ የቀረን አልነበረም። ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አስመራ የሚያደርገውን በረራ አቆመ። የእኔ ወረቀት ከዚያ በፊት በመንገደኛ እጅ አለፈ። ከእኔ በኋላ የጀመረ ሰው ምን ያድርግ?

ደግሞም ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ የተባረሩ ኤርትራውያንና የኤርትራ ተወላጆች በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋ፣ ናዝሬት የተወለዱ ልጆች በአውቶቡስ ተጭነው ሄዱ። የእነርሱ የልደት መዝገብ ያለው እኛ ዘንድ ነው። አስመራ ተቀምጦ፣ ወይም ስቶክሆልም ተቀምጦ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተጻፈ ስሙን የሚፈልግ ሰው አለ። የአስመራዋ ጸሐፊ ለእኔ ያደረገችውን የእኛ መዝገብ ቤቶች ለእነርሱ ሊያደርጉላቸው ይገባል፤ ዜግነታቸውን ሳይመረምሩ፣ ወላጆቻቸው ማንን እንደደገፉ ሳይጠይቁ። መንግሥታት ድንበር ይዘጋሉ፣ ኤምባሲ ይዘጋሉ፤ የልደት መዝገብ ግን ለተወለደው ሰው ክፍት መሆን አለበት። እውነቱን ለመናገር ከድንበር ክርክሩ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ለአንድ ሕፃን መወለድ የተጻፈ ገጽ የማንም የጦር ምርኮ አይደለም።

አሁን በእጄ ያለው የወንድሜ ጉዳይ ነው። እርሱ የተወለደው በ1975 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ አባቴ ለጊዜው ወደ ምጽዋ ተመድቦ ሳለ ነው። እናቴ ስለዚያ ሐምሌ ሙቀት ሲነሣ እስካሁን ፊቷን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከባድ ውጊያ የተካሄደባት፣ ከዚያም በአየር የተደበደበች ከተማ ናት፤ የምናውቃቸው ሰዎች ሁሉ ተበታትነው እንደ አደይ ሄዶ የሚጠይቅልን ማንም የለም። ለወንድም ማመልከቻ ሲቀርብ የሁለታችንም የልደት ወረቀት የጋራ ወላጅ ማሳየት አለበት። ተራው እስኪደርስ ከአሥር ዓመት በላይ ይጠበቃል፤ ማስረጃው ግን ዛሬ መሰብሰብ አለበት፤ ምስክሮቹ ሽማግሌዎች ናቸው።

ደንቡ የልደት ወረቀት ሊገኝ በማይችልበት ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ፣ እርሱም ከሌለ በጉዳዩ ውስጥ ተካፋይ ያልሆኑ፣ ልደቱን በቀጥታ የሚያውቁ የሁለት ሰዎች የመሐላ ቃል ይቀበላል። ሰነዱ እንደሌለ የሚገልጽ የመንግሥት ደብዳቤ ካልተገኘም በቅንነት ተደጋግሞ የተደረገው ሙከራ ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ምጽዋ የላክናቸውን ደብዳቤዎችና መልእክቶች ሁሉ ከነቀናቸው አትሜ አስቀምጫለሁ። በእኔ ፋይል ተጠቃሚ የነበረችው እናቴ በወንድሜ ፋይል ምስክር መሆን ትችላለች። ባለፈው ቅዳሜ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ቃሏን ጻፍን፤ ሙሉ ስሟን፣ አድራሻዋን፣ የተወለደችበትን ቀንና ቦታ፣ ከልጁ ጋር ያላትን ዝምድና፣ ልደቱን እንዴት እንደምታውቅ። ለመጨረሻው ጥያቄ «እኔ ነኝ የወለድኩት ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። ጻፍኩ፤ ሰዓቱን፣ ቤቱን፣ ማን እንዳዋለዳትም ጨመርን።

ያዋለዷት እናት በሕይወት አሉ፤ አዲስ አበባ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ወንድሜ ወስዷቸው ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ቃላቸውን ይሰጣሉ።